ሁለቱ ጣቶቼና አራቱ ወንድማማቾች

የቀኝ እጄ ሁለት ጣቶች፣ ሌባ ጣቴና የመሐል ጣቴ፣ ከእኔ በላይ የተማሩ ናቸው። እኔ መሠረተ ትምህርት ገብቼ ስሜን መጻፍና የመኪና ታርጋ ማንበብ ስችል በቃኝ ብዬ ወጣሁ። እነሱ ግን መርካቶ፣ የመኪና ዕቃ በሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ውስጥ አርባ ዓመት ሙሉ ሳይቀሩ ተምረዋል። ትምህርታቸው ኩሽኔታ ነው።

ኩሽኔታ ያላየ ካለ ልንገረው። ሁለት የብረት ቀለበት ነው፤ አንዱ ሌላው ውስጥ የገባ፣ በመካከላቸው ብይ የመሰለ የብረት ኳስ የተደረደረበት። የመኪና ጎማ ያለ እሱ አይዞርም። ጠርዙ ላይ ቁጥር ተቀርጾበታል፤ የቀረጸው ሰው ግን ሽማግሌ ያነበዋል ብሎ አላሰበም፣ የጉንዳን ዓይን ታህላለች። ስለዚህ እኔ ቁጥር አላነብም። ሁለት ጣቶቼን አጣብቄ ቀዳዳው ውስጥ እከታለሁ፣ በሌላው እጄ አሽከረክረዋለሁ፣ ወደ ጆሮዬ አስጠጋዋለሁ። ከዚያ የምን መኪና እንደሆነ፣ የፊት ይሁን የኋላ እግር፣ ኦሪጂናል ይሁን ፎርጅድ እናገራለሁ።

የተራው ነጋዴዎች ይሄን ጨዋታ አድርገውታል። ገበያ ሲቀዘቅዝ ዓይኔን በፎጣ ያስሩኛል፣ አንድ ኩሽኔታ እጄ ላይ ያኖራሉ፣ የተሸነፈ ሻይ ይጋብዛል። በዚህ ጨዋታ የጠጣሁት ሻይ፣ ስኳሩ ብቻ ሱቄን ይሞላል። ለነገሩ ሱቄን ለመሙላት ብዙ አያስፈልግም፤ ሁለት ሰው ከቆመባት አንደኛው ትንፋሹን መያዝ አለበት።

ልቤን የነፋው እንግዲህ ይሄ ነው። ያስቀደምኩት ልኩራራ ብዬ ብቻ አይደለም፤ በኋላ የሚመጣው እንዲገባችሁ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ድሬዳዋ ነው የሚኖረው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እሱ ዘንድ ሄጄ ሳለ ትኩሳት ያዘኝ። ትኩሳት ስላችሁ እንዲሁ ሙቀት አይምሰላችሁ። አንድ መካኒክ አጥንቴን ብሎን በብሎን ፈትቶ፣ ቤንዚን ውስጥ ነክሮ፣ ሲገጥም ግን የቱ የት እንደነበረ የረሳ ነው የሚመስለው። ዓይኔን ወደ ጎን ሳዞር እንኳ ከጀርባው ያመኝ ነበር። ክሊኒክ ወሰዱኝ። ደንጊ ነው አሉ፣ በትንኝ የሚመጣ። ፈሳሽ ጠጣ፣ ተኛ ተባልኩ፤ ጠጣሁ፣ ተኛሁ፣ ዳንኩ። አዲስ አበባ ስመለስ እኔ ከስቼ፣ ወሬዬ ግን ወፍሮ ነበር። ደንጊን ጥዬው መጣሁ፣ ሁለተኛ አጠገቤ አይደርስም እያልኩ ተራውን በሙሉ አዳረስኩ።

ባለፈው ዓመት ወንድሜ ደወለ። ሴት ልጁ ልታገባ ነው። በእኛ ቤት ሙሽራ የቤተሰቡ ታላቅ ሳይመርቃት ከበር አትወጣም። ወንድሜን ራሱን ሲድሩት የመረቀው አባታችን ነበር፤ አባታችን ካለፈ ወዲህ ታላቁ እኔ ነኝ።

«ወንድም ጋሼ፣ እርስዎ ካልመጡ ልጅቷ እዚሁ ቤት ታረጃለች» አለኝ።

እመጣለሁ ብዬ ቃሌን ሰጠሁት።

ሳምንት ሳይሞላ ድሬዳዋ ውስጥ ደንጊ እንደገና ተነሳ የሚል ወሬ መጣ። እኔን ምንም አልመሰለኝም። የከነከናት የመጨረሻ ልጄን ነው።

ይቺ ልጄ ላብራቶሪ ነው የምትሠራው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ደም ስታይ ትውላለች። ግትርነቷን የወረሰችው ከእናቷ ነው እላለሁ፤ እናቷ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አሁን ልትከራከረኝ አትችልም። ምሳዬን ይዛልኝ ሱቅ መጣችና ሳትቀመጥ፣ አትሄድም አለችኝ። ታምሜ የዳንኩትን በሽታ ምን ብዬ ልፍራው አልኳት። በኮሮና ጊዜ ያስተማረችኝ ራሷ ናት። ሰውነት አንዴ የታገለውን ቫይረስ አይረሳም፤ አንቲቦዲ የሚሉት ነገር ይሠራል፤ አንቲቦዲውም ለዚያ ቫይረስ መልክ ተለክቶ የተሰፋ ነውና፣ ያ ቫይረስ ተመልሶ ሲመጣ ጥምጥም ብሎበት ያስቆመዋል። ይሄን ሁሉ ያለችኝ እሷ ናት። ታዲያ የኔ አንቲቦዲ የት ሄደብኝ?

አለህ አለች። ግን ደንጊ አንድ አይደለም፣ አራት ነው። ከአንድ ቤት የወጡ፣ መልካቸው የሚቀራረብ አራት ወንድማማቾች ናቸው። አንተን ያመመህ አንደኛው ነው። እሱ ቢመለስ አንቲቦዲህ አያሳልፈውም፤ የሚያሰጋው ከሦስቱ አንዱ ቢመጣ ነው።

ሦስቱማ ወንድሞቹ አይደሉም ወይ አልኳት። አንዱን ሌባ አሳምሮ የሚያውቅ ዘበኛ፣ ወንድሙ ሲመጣ ወንበር ያቀርብለታል ወይ? ይሄ አልበቃ ብሎኝ እጅጌዬን ሰበሰብኩና በልጅነቴ የተከተብኩትን የፈንጣጣ ክትባት ጠባሳ አሳየኋት። የዝንጀሮ ፈንጣጣ አገር ገባ በተባለ ሰሞን፣ ይሄ ጠባሳ ለሱም ሳይጠቅምህ አይቀርም፣ ዘመዳሞች ናቸው ብላኝ ነበር። ለፈንጣጣ ዘመድ የሠራ፣ ለደንጊ ወንድም የማይሠራው በምን ሕግ ነው?

የረታኋት መስሎኝ ደስ እያለኝ ምሳዬን ከፈትኩ።

መልሷ የመጣው ልጨርስ ስል ነው። ፈንጣጣና ዘመዶቹ ብዙ ቦታ ላይ ይመሳሰላሉ አለች፤ አንቲቦዲዎቹ የሚጨብጡበት ቦታ ሞልቷል፣ አንዱ ቢያመልጠው ሌላው ይይዛል። የደንጊ ወንድማማቾች ግን ተመሳሳይ የሆኑት አንዳንድ ቦታ ነው፤ ይዞ ለማስቆም በሚያመቸው ቦታ ላይ ይለያያሉ። አንቲቦዲው እጁን ይዘረጋል፣ ያውቀዋል፣ ይነካዋል፣ ግን አያስቆመውም። የሚያስፈራው እሱ ነው አለች። እኔም ትንሽ መያዝ ከነጭራሹ ካለመያዝ ይሻላል አልኳት። ይሄን ደግሞ ማንም ጤነኛ ሰው የሚቀበለው ነገር ነው ብዬ ጨመርኩበት። ተኮራረፍን።

በማግስቱ ግን መጣችና ደሜን ቀዳች። ውጤቱን ስትነግረኝ ፊቷ አልፈካም። የደንጊ አንቲቦዲ ደሜ ውስጥ አለ፤ የየትኛው ወንድም እንደሆነ ግን ምርመራው አይለይም። ለመለየት ደሜን ከአራቱም ጋር አንድ በአንድ እያጋጠሙ የትኛውን እንደሚያስቆም ማየት ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ እነሱ ዘንድ የለም። እንዲያውም የቢጫ ወባ ክትባት የወሰደ ሰው ደም እንኳ ይሄን ምርመራ አንዳንዴ ያሳስተዋል አለች፤ ቢጫ ወባ ለደንጊ የሩቅ ዘመዱ ነው። ይሄን ስሰማ ሳቄ መጣ።

«ዓይኑን እንኳ ሳያስሩት ወንድማማቾቹን መለየት የማይችል መሣሪያ ነው ያላችሁ? እስቲ ወደኔ አምጪው፣ ጣቶቼ ያስተምሩት» አልኳት።

የምሳ ዕቃውን አንስታ ደህና ዋል ሳትለኝ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ቀን ምሳ በታላቅ እህቷ እጅ ነበር የሚመጣልኝ። ወጡም ውሃ ውሃ ይል ነበር።

ሠርጉ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው አንድ የቆየ ደንበኛዬ መጣ። በመሳለሚያ መስመር የሚሠራ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ለሃያ ዓመት የፊት እግር ኩሽኔታ የሸጥኩለት እኔ ነኝ፤ ጣቶቼ ያንን ኩሽኔታ ከገዛ ጥርሶቼ በላይ ያውቁታል፣ ጥርሶቼማ ብዙዎቹ የሉም። ያን ዕለት ግን መኪና ቀይሮ ነው የመጣው። ያው ሚኒባስ ነው፤ ከድሮው ቀጥሎ የወጣው ሞዴል። የተበላሸውን ኩሽኔታ ለናሙና አላመጣም፣ ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ ይዟል። ወረቀቱን ሰጠኝ፤ ዞር ብዬም አላየሁት። ዓይኔን ጨፍኜ እጄን ወደ መደርደሪያው ሰደድኩ፣ ሁለት ጣቶቼን ከተትኩ። ጣቶቼ የጥንት ወዳጃቸውን መንገድ ላይ ያገኙ ያህል ግጥም አሉ።

ይሄ ነው አልኩት።

ሹፌሩ ወረቀቱን እያየ፣ ጋሼ የመጨረሻው ቁጥር የተለየ ይመስለኛል፣ በካሊፐር ቢለኩልኝስ አለ። ካሊፐር የፀጉር ያህል ልዩነት የሚያሳይ መለኪያ ነው፤ የእኔው ሚስማር ላይ ተሰቅሎ አቧራ ለብሶ ነበር የሚኖረው። ክፉኛ ተቀየምኩ። በሃያ ዓመት አንድ ቀን አሳስቼህ አውቃለሁ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። እሱም አፈረና ይቅርታ ብሎኝ፣ ኩሽኔታውን ይዞ ሄደ።

በአምስተኛው ቀን ተመለሰ። በጨርቅ የጠቀለለውን ነገር ባንኮኒው ላይ አኑሮ ፈታው። ኩሽኔታው በሙቀት ሰማያዊ ሆኗል። ኩሽኔታው የሚጠልቅበት ዘንግም አብሮት አለ፤ ውሻ ያኘከው አጥንት መስሏል። ሹፌሩ አልጮኸብኝም። መካኒኩ ሲገጥመው ያለ መዶሻ ሰተት ብሎ ገባልን፣ እኛም ደስ አለን አለ። ሦስት ቀን በሰላም ሠራ። በአራተኛው ቀን እንደ ጅብ ይጮህ ጀመር። በአምስተኛው መሳለሚያ ላይ ጎማው ሲወላገድ ተሳፋሪውን አውርዶ ቆመ። የተጎዳ ሰው የለም፤ ዘንቢል የያዙ አንዲት እናት ብቻ እስከ ዘር ማንዘሩ ሰድበውት ወርደዋል።

«ጋሼ» አለኝ፣ «ጭራሽ ባይገባ ይሻለኝ ነበር። ባይገባማ ያኑ ዕለት መልሼ አመጣልዎት ነበር። የጎዳኝ ልክ ሊሆን ምንም ያልቀረው መሆኑ ነው።»

ካሊፐሩን ከሚስማሩ አወረድኩ፣ አቧራውን በእጅጌዬ ጠረግኩ፣ የድሮውን ሞዴልና የአዲሱን ጎን ለጎን አድርጌ ለካሁ። የድሮው ቀዳዳ የፀጉር ያህል ይሰፋል። በዚያች ፀጉር በምታህል ስፋት ነው ኩሽኔታው ዘንጉ ላይ እየተንሸራተተ የፈጀው። ጣቶቼን አየኋቸው። መሃይም ሆነው አይደለም የሳቱት። የድሮውን ከመጠን በላይ ስለሚያውቁት ነው፤ የሚያውቁትን መልክ ሲነኩ ጊዜ ሌላ መጠየቅ ተዉ። ለሹፌሩ ዘንጉን እኔው አሠራሁለት፣ ልኩን ኩሽኔታም ለክቼ ሰጠሁት። ስለካ ቆሞ አየኝ፤ አመስግኖኝ ወጣ፣ ጨዋ ሰው ነው።

እሱ እንደወጣ ለልጄ ደወልኩና አሁኑኑ ነይ አልኳት። የታመምኩ መስሏት እየሮጠች መጣች፤ ነጭ የሥራ ካፖርቷን እንኳ አላወለቀችም። ተቀመጪ አልኳት፣ በባዶ የዘይት ጀሪካን ላይ ተቀመጠች።

«ያ አንቲቦዲ» አልኳት፣ «ወንድምየውን በግማሽ አውቆት፣ ነክቶት፣ ሳያስቆመው ሲቀር፣ ከዚያ ምንድነው የሚሆነው?»

በቀስታ ነገረችኝ። ሰውነት ውስጥ ጠራጊ ሴሎች አሉ። አንቲቦዲ የጨበጠውን እየለቀሙ መዋጥ ነው ሥራቸው፤ አንቲቦዲ ከያዘው አለቀለት ብለው ያምናሉ። ይሄኛውንም አምነው ይውጡታል። ግን አልተሸነፈም። ብቻውን ቢሆን በር ፍለጋ ሲዞር የሚውለው ቫይረስ፣ በአንቲቦዲው እጅ ተመርቶ ሰተት ብሎ ይገባል፣ እዚያው ውስጥ ይራባል። ሁሉም ሰው ላይ አይደርስም አለች። የደረሰበት ሰው ግን ሁለተኛው ደንጊ ከመጀመሪያው ይብስበታል፤ ደም እስከማፍሰስ፣ ነፍስ እስከማሳጣት ያደርሳል።

«ጭራሽ ባያውቀው ይሻል ነበር በይኛ» አልኳት።

«አባዬ፣ ይሄን ደግሞ ማን ነገረህ?»

የተቃጠለውን ኩሽኔታ ከጨርቁ አውጥቼ ሰጠኋትና የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። አላልኩህም ትለኛለች ብዬ ጥርሴን ነክሼ ነበር የምጠብቀው። አላለችም። ሁለቱን አዳዲስ ኩሽኔታዎች አነሳች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ጣቶቿን አንዴ በአንዱ አንዴ በሌላው ከተተች። ጣቶቿ ቀጫጭን ስለሆኑ ሁለቱም ውስጥ ተንቀዋለሉ።

«ለኔ አንድ ናቸው» አለች።

«ካሊፐር የተሠራው ለዚህ ነው» አልኳት። እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው፤ ጎረቤቴ ነጋዴ ሰምቶ አንገቱን በግድግዳው በኩል አውጥቶ አይቶኛል።

እሷም በዚሁ ነገሩ ያለቀ መሰላት። ለአጎቴ እኔ ደውዬ ይቅርታ እጠይቅልሃለሁ አለች። የምን ይቅርታ ነው አልኳት። አልሄድም ያለ ማነው? ምርቃት በስልክ አይሆንም፤ እጅ ራስ ላይ ካላረፈ ምርቃት ሳይሆን ወሬ ነው። በሽታው እንደሚያስፈራ አመንኩ እንጂ ቤቴ እቀመጣለሁ አላልኩም። ካፖርቷን አውልቃ ጭኗ ላይ አኖረችና ድርድር ጀመርን።

ትንኟ መቼ ነው የምትነክሰው አልኳት። ይቺኛዋ በቀን ነው አለች፤ በተለይ ጠዋትና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ። በጠዋት ከፍታ፣ አመሻሽ ላይ ከተጧጧፈች እንግዲህ የመርካቶ ነጋዴ ናት፣ ፀባይዋን አውቀዋለሁ አልኳት። ልጄ አልሳቀችም። ሄጄ በማግስቱ እመለሳለሁ፤ ተስማማን። ሙሉ ኮት እለብሳለሁ፤ ተስማማን። ካልሲዬን በሱሪዬ ላይ ወደ ላይ እስባለሁ፤ እያመነታሁ ተስማማሁ። ትንኝ የሚያባርር ቅባት እቀባለሁ፤ እሺ። በመጨረሻ ሠርጉ ላይ ከምትቀመጥበት ወንበር በላይ አጎበር ይሰቀላል አለች። ይሄንስ አይደረግም አልኩ። አልጋ ላይ የሚሰቀል ነገር በጠራራ ፀሐይ፣ በሰው ፊት? እሷም ጀሪካኑ ላይ እንደተቀመጠች ክንዷን አጣጥፋ ጣራውን ማየት ጀመረች። ያንን አስተጣጠፍ አውቀዋለሁ፣ የእናቷ ነው። እሺ አልኩ።

የድሬዳዋን ሙቀት ለሚያውቅ አልነግረውም። ሰዉ ሁሉ ስስ ልብስ ለብሶ በማራገቢያ ይራገባል፤ እኔ የክረምት ኮቴን ቆልፌ፣ ካልሲዬን እስከ ጉልበት ስቤ፣ በቅባቱ ሸትቼ ተቀምጫለሁ። አጠገቤ የነበረው እንግዳ ወንበሩን ሁለት ጊዜ አራቀ፣ በሦስተኛው ራሱ ራቀ። ወንድሜ አጎበሩን ከድንኳኑ ምሰሶ ላይ ሲሰቅልልኝ እንባው እስኪወርድ ይስቅ ነበር። ነጭ አጎበር ነው፤ ከአናቴ እስከ ጫማዬ ሸፈነኝ። አንዲት ትንሽ ልጅ መጥታ ፊት ለፊቴ ቆመች፣ አየችኝ አየችኝና ወደ እናቷ ዞራ፣ «እማዬ፣ እኚህንም አባባ ዛሬ ሊድሯቸው ነው?» አለች። ድንኳኑ በሙሉ ሰማት።

ሙሽራዋ መጣችና ከፊቴ በርከክ አለች። እሷ በቬሏ ውስጥ፣ እኔ በአጎበሬ ውስጥ፤ ተያየን። ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ልታለቅስ መሰለኝ። ለካ ሳቋን ይዛ ነው። እኔም ሳልስቅ ለመጨረስ ጉሮሮዬን ጠርጌ ጀመርኩ። የአብርሃም የሣራ ጋብቻ ያድርግላችሁ አልኩ፣ አሜን አሉ። ውለዱ ክበዱ አልኩ፣ አሜን አሉ። እጄን ከአጎበሩ ሥር አውጥቼ ራሷ ላይ አሳረፍኩ። አባታችን ወንድሜ ራስ ላይ እጁን ያሳረፈበት ቀን ትዝ አለኝ። በዚያው ቅጽበት አንዲት ትንኝ ቬሉ ጠርዝ ላይ እየዞረች ስትመጣ አየሁ። እጄን እሳት እንደነካው ሰው መልሼ ወደ ውስጥ ሰበሰብኩ።

ወንድሜ ጎንበስ ብሎ በአጎበሩ በኩል፣ «ወንድም ጋሼ፣ ምርቃቱ አጠረሳ» አለኝ።

የቀረውን ከውስጥ ሆኜ ጨረስኩት። እጄ ራሷ ላይ አርፋለች፤ ምን ያህል ጊዜ እንዳረፈች የሚጠይቅ የለም።

ከተመለስኩ በኋላ ልጄ ሁለት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ እየመጣች የሙቀት መለኪያ ብብቴ ሥር አስገባች። ትኩሳት አልመጣም። አጎበሩ ነው ትላለች፣ እኔ ደግሞ የቅባቱ ሽታ ነው እላለሁ፤ እንዲያ የሸተተ ሰው እንኳን ትንኝ፣ የሥጋ ዘመዱም አልተጠጋውም። በዚህ እስካሁን አልተስማማንም። ምሳዬ ግን በእሷ እጅ መምጣት ጀምሯል፣ ወጡም ወፍሯል።

ዓይን የማሰሩ ጨዋታ አልቀረም። ጣቶቼ አሁንም ሻይ ያጠጡኛል። ለገዢ ስሰጥ ግን ፎጣው ከዓይኔ ይነሳና ካሊፐሩ ይወርዳል። አቧራ ለመልበስ ጊዜ አላገኘም። ካሊፐሩ በሚሰቀልበት ሚስማር አጠገብ ወንድሜ የላከልኝን የሠርግ ፎቶ ሰቅያለሁ። ፎቶው ከሩቅ የተነሳ ነው፤ ሁለት ከላይ እስከ ታች ነጭ የለበሱ ሰዎች ፊት ለፊት ሆነዋል።

በቀደም ያ ሹፌር ለሌላኛው እግር ኩሽኔታ ሊወስድ መጣ። ወረቀቱን ተቀብዬ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቼ ቁጥር ስፈልግ፣ እሱ ፎቶውን ትኩር ብሎ ሲያይ ቆየ።

«ጋሼ፣ ሙሽራዋ የትኛዋ ናት?» አለኝ።

ካሊፐሩን ከሚስማሩ አንስቼ እጁ ላይ አኖርኩለት። «አትገምት» አልኩት፣ «ለካ።»